ሲሚንቶ ያፈነው ግድግዳ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለገበዝ ሰረቀብርሃን፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዓይንዎስ ነገር? ክረምቱ እንዴት ያዛችሁ? እዚህ በዚህ ወር ዝናብ የሚባል የለም፤ እናንተ ጋ ዘነበ በተባለ ቁጥር ግን እንቅልፍ አጣለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያው ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ሳመላለስ እውላለሁ።

ነገሩን ሳላለባብስ ልንገርዎ። እህቴ ውባየሁ የላከችልኝን፣ ልስኑ የረገፈውን የማርያም ቤተ ክርስቲያናችንን ፎቶ ለህዝቅያስ አሳየሁት። ህዝቅያስ ሳን ሆዜ የሚኖር፣ ያረጁ ሕንፃዎችን የሚጠግን መሐንዲስ ነው። ጴንጤ ነው ብለው እንዳይንቁብኝ፤ ከእኛ የበለጠ ነው ያዘነው። እርስዎ በልጅነቴ እየዞሩ ያሳዩኝን ሁሉ እሱ ከፎቶው ለየው። መቅደሱ በዛጉዌ ዘመን አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ የጥድ እንጨት እየተደረገ በጭቃ የተሠራ ነው፤ ቅኔ ማሕሌቱ በጎንደር ነገሥታት ጊዜ የተጨመረ፣ ቆርቆሮው ደግሞ የአያቴ ዘመን ነው።

ሲሚንቶው ላይ ሲደርስ ግን «ይህን ማን አስለሰነው?» አለኝ። ያስታውሱ እንደሆነ፣ የአገር ልጆች ዩኒየን ሲቲ አቶ ጥሩነህ ቤት ተሰብስበን እመቤታችን እንዴት በጭቃ ቤት ትቀመጣለች ተባባልን። ከዚያ በስለት ባዋጣነው ገንዘብ ግድግዳውን ውስጥም ውጭም በሲሚንቶ አስለስነን ነጭ ቀለም አስቀባነው። በምረቃው ቀን እዚህም እዚያም እልል ተባለ። ለካ ጭቃና እንጨት መተንፈስ አለበት። የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እንጨቱ ከውስጥ በስብሷል። ስንት ጦርና እሳት ያለፈውን ግድግዳ በስለታችን አፈንነው። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት የእኛ ነገር ነው።

ይጠገን እንደሆነ ብዬ ለመንኩት። «ብራዘር፣ ቱ ሌት ነው» አለኝ፤ ጊዜው አልፏል ማለቱ ነው። «ሰው እንዳይገባ ክሎዝ አድርጉት፤ አንድ ከባድ ዝናብ ይበቃዋል።»

ታቦቷ ወደ መቃኞው፣ ወደ ጊዜያዊ ማደሪያዋ፣ መውጣቷን ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን የመቅደሱን ቁልፍ ለማንም አልሰጥም ብለው፣ በየማለዳው ብቻዎን እየከፈቱ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ አሉኝ። አባባ፣ እልክዎን አውቀዋለሁ። አያቴም፣ የአያቴ አባትም ገበዝ ነበሩና በእርስዎ ዘመን ፈረሰ መባሉ ነው የከበደዎ። በእርስዎ እጅ አልፈረሰም፤ በእኛ እጅ ነው። ለሚጠይቅዎ ሁሉ እንዲህ ብለው ይንገሩ፤ እኛም አንክድም። እርስዎ ይቅበሩት እንጂ እሱ እርስዎን አይቅበርብኝ።

የእማዬን ጉልበት እስማለሁ። ለአጎቴ ለገረመው፣ ለእትዬ ሙሉዬና ለልጆቹ በሙሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አንቺ ውባየሁ እህቴ፣ ይህን ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላቸው አውቃለሁና እሳቸውም ይስሙት። በፈቃዳቸው ካልሰጡሽ፣ ቁልፉን ከትራሳቸው ሥር ውሰጂው። ኩነኔው በእኔ ይሁን።

ልጅዎ ክንፉ
ኦክላንድ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.