ስልሳ ሁለት አንሶላ

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ በሩ ላይ ቆሜ፣ አንዴ ተረጋግቼ ተቀምጬ። ሁለቱንም ጊዜ ሳቅኩ። ብትቆጪም ባትቆጪም ይህን የምጽፍልሽ እየሳቅኩ መሆኑን አስቀድመሽ እወቂው።

«አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶሽ፣ ሁለት ልጅ ድረሽ፣ ጉንጭሽን ነፍተሽ አደባባይ መውጣት ምን የሚሉት ነው?» ብለሻል። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለውንም አልተውሽኝም። እትዬ፣ እኔ አልታነቅሁም። ድሮ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ አለከልክ የነበርኩት ሴትዮ፣ ዛሬ ትሮምቦኔን በትከሻዬ ይዤ ወጥቼ ጎረቤቴን በሯ ላይ ካገኘኋት ሳላርፍ ወሬ እጀምራለሁ። እሷ ናት የሚደክማት።

የገረመኝ ግን የመጨረሻው ምክርሽ ነው። «የግድ ካልሽ የመንገዱንና የዳንሱን ተይና ኦርኬስትራው ውስጥ ብቻ ግቢ። እዚያ እንኳ ጥቁር ቀሚስ ለብሰሽ ከኋላ ትቀመጫለሽ፤ ማንም አያይሽም።» ማንም አያይሽም የሚለውን እንደ ምርቃት ነው የጻፍሽው። አሜን አልልም።

እስቲ ስለ ሦስቱም የሙዚቃ ትምህርት ቤቴ ቡድኖች ልንገርሽ፤ ሳታውቂ አትፍረጂ።

የማርሽ ባንዱ መሪ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። ይህን ጎኑ የተጎዳ ትሮምቦን የሰጠኝም እሱ ነው፤ «ቤት ተቀምጦ ከሚዝግ አንቺ ጋ ይጩህ» ብሎ። ትሮምቦን ነፊዎችን ሁልጊዜ ከፊት ያሰልፈናል። ለክብር እንዳይመስልሽ። የመሣሪያው ቧንቧ እየተሳበ ወደ ፊት ክንድ ሙሉ ስለሚወረወር፣ ከፊታችን ሰው ቢቆም ማጅራቱን እንለዋለን። «እናንተ ፊት ሁኑልኝ፣ እኔ አምቡላንስ መጥራት ትቻለሁ» ይላል።

የዳንስ ባንዱን የሚመራው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሳክስፎን ይነፋል። የምንለማመደው ረቡዕ ከሰዓት፣ ሱቁ ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ፦ ተራሽ ሲደርስ ብድግ ብለሽ ትነፊያለሽ፣ ስትጨርሺ ቁጭ። ከፊት ለፊት መስታወት ስላለ ስነሳ ራሴን አያለሁ። አንድ ቀን «ይቺ ሴትዮ ማናት?» አልኩ በሆዴ። ወደድኳት።

ኦርኬስትራው እንግዲህ ያንቺ ምርጫ ነው። ሥራችን ከመንፋት ይልቅ መቁጠር ነው። አሁን የምንለማመደው ሙዚቃ ላይ፣ ቫዮሊኖቹ እንደ ልባቸው ሲንሸራሸሩ እኔ አራት አራት ምት እየቆጠርኩ ስልሳ ሁለት ጊዜ ዝም እላለሁ። ከዚያ አራት ድምፅ ብቻ እነፋለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች መቁጠሩ ይጠፋባቸዋል፤ አንዱ በጣቱ፣ ሌላው በጫማው። እኔ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። «ማዘር፣ ምን ይዘሽ ነው የምትቆጥሪው?» ይሉኛል። «አንሶላ» እላቸዋለሁ።

አንቺ ታውቂዋለሽ። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘን፣ «አንድ» ስትዪ ወጠር፣ «ሁለት» ስትዪ እጥፍ፣ «ሦስት» ስትዪ ወዳንቺ መጣ፣ «አራት» ስትዪ ክምሩ ላይ። አንድ አንሶላ፣ አራት ምት። ስልሳ ሁለት አንሶላ አጥፌ ቀና ስል ተራዬ ደርሷል። መምህሬ ማን ነው ቢሉኝ የማን ስም እንደምጠራ አሁን ገባሽ?

ግን እዚያ ክፍል እንዴት እንደገባሁም አንርሳ። እናታችን ያረፈች ዓመት አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ከያዝኩ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። አንድ ጠዋት ሳጥኑን አንሥተሽ «ይህ ለእኛ ቤት አይሆንም፣ ነገ ከእኔ ጋር ሥራ ትገቢያለሽ» አልሽና ራስሽ ተሸክመሽ መለስሽው። እውነትሽን ነበር፤ ያንቺ ደመወዝ ለብቻው አይበቃንም ነበር። አሥራ ሁለተኛን በማታ እንድጨርስ ያደረግሽውም አንቺ ነሽ፤ አልካድኩም። ሁልጊዜም «አልተቀየምኩሽም» እልሽ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ዋሸሁሽ። ተቀይሜሽ ነበር። አሁን ስለነፋሁት ወጥቶልኛል፤ ጥቂት ቢቀር እሱንም በዚህ ደብዳቤ እጨርሰዋለሁ።

ወደ ጉዴ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ስልሳ ሁለቱን አንሶላ አጥፌ ስጨርስ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ያለሁ መስሎኝ ብድግ ብዬ ቆሜ ነፋሁ። ኦርኬስትራ ውስጥ የሚቆም ሰው የለም፤ ከመሪው በቀር። ሰባ ሰው ዞሮ አየኝ። መሪያችን ዘንጉን አወረደ።

«እመቤቴ፣ ተነሱ ያለዎት ማን ነው?»

«እግሬ ነው መምህር። ረቡዕ ያስለመድኩት ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ከልምምዱ በኋላ ጠርቶ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፤ ትምህርት ቤቱ አዲስ ደንብ አውጥቷል፣ አንድ ተማሪ አንድ ቡድን። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለኝ። «እርስዎ ደግሞ ሦስት ላይ ነዎት። እስከ ዓርብ አንዱን መርጠው ይፈርሙ። እኔን ከሰሙኝ ይህኛውን ይምረጡ፤ ለዕድሜዎም የሚመጥነው ይኸው ነው።»

ማክሰኞ ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ለምን እንደሳቅኩ አሁን ገባሽ? ሳትተዋወቁ ተማክራችሁብኛል።

ወረቀቱ ላይ «የተመረጠው ቡድን» ይልና አንድ መስመር ክፍት አለ። አንድ ብቻ። እኔም ፊደሌን አሳንሼ ሦስቱንም እዚያው መስመር ላይ ጠቀጠቅኋቸው፤ «ዳንስ» የሚለው ጠርዙ ላይ ደርሶ ወደ ታች ታጠፈ። ፈርሜ ሰጠሁት። አነበበው።

«ይህ ምርጫ አይደለም» አለኝ።

«ነው እንጂ። አንዱን ይዤ ሁለቱን ብጥል ነው መጣል የሚባለው። እኔ መጣል ጨርሻለሁ፤ አንዴ ጥዬ አይቼዋለሁ። ደግሞ መምህር፣ እኔ የምነፋው በአፌ ነው፤ እግሬን ከዛፉ ያውርዱልኝ።»

ዓርብ ስሄድ ወንበሬ የለም። ሌላው ሁሉ በቦታው አለ፤ የእኔ ቦታ ላይ የኖታ ማስቀመጫው ብቻ ባዶውን ቆሟል። በሩን አየሁት። ያኔ በልጅነቴ ሳጥኑን ይዘሽ የወጣሽበትን በር ይመስላል፤ በር ሁሉ አንድ ነው። ከዚያ ግን ሳጥኔን ከፍቼ ትሮምቦኑን ገጣጠምኩና ቆምኩ።

«ወንበርዎ የለም» አለ መሪው።

«አየሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ቆሜ እነፋለኋ። ያን ጊዜ ሲቆጡኝ እግሬ ነበር ያስቆመኝ፤ ዛሬ ያስቆሙኝ እርስዎ ነዎት።»

ከፊቴ የተቀመጠችው ቫዮሊን ተጫዋች ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እሱ ዘንጉን አነሣ፤ ተጀመረ። ቆሜ ማጠፍ ያዝኩ። እንኳን ስልሳ ሁለት፣ አንቺና እኔ በአንድ ቀን አራት መቶ ቆመን አጥፈናል፤ ሰውዬው ይህን ከየት ይወቅ? ስልሳ ላይ ከንፈሬን አረጠብኩ። ስልሳ ሁለተኛውን ክምሩ ላይ ጣል አድርጌ ቀና ስል፣ ግራ እጁ ወደ እኔ ተዘርግቷል። እሱም ሲጠብቀኝ ነበር ማለት ነው። አራቱን ድምፅ ነፋሁለት። እትዬ፣ የግድግዳው ሰዓት መስታወት ነዘረ።

እስከ መጨረሻው ሄደ፤ አላቋረጠም። ገጹን ሲገልጥ ቀና ሳይል፣ «ወንበር አምጡላቸው» አለ። «እንዲህ ቆመው ሳያቸው ሌላው ሰው አልታይ አለኝ።»

ወረቀቱን እስካሁን ቢሮ አላስገባውም፤ አጥፎ በኮቱ ኪስ ይዞት ይዞራል። ቢሮው ሲጠይቀው ምን እንደሚል አላውቅም። ቢያባርሩኝም ትሮምቦኑ የራሴ ነው። አሁን ተሸክሞ የሚመልሰው ሰው የለም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ጠዋት ሳጥኑን ይዘሽ ስትወጪ ተከትዬሽ ነበር። የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ስትደርሺ አስቀመጥሽው። ግራና ቀኝ አይተሽ ከፈትሽው። ከዚያ አነሣሽና ነፋሽ። እንደ ተቆጣ በሬ ነበር ድምፁ። እንደገና ነፋሽ፤ ሁለተኛው ትንሽ ይሻል ነበር። መንፊያውን በሻርፕሽ ጫፍ ጠርገሽ ዘጋሽውና ሄድሽ። እኔ ከመብራት ምሰሶው ጀርባ ነበርኩ። ለአንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም። ተቀይሜሽም ያልጠላሁሽ በዚያ ምክንያት ነው።

በመጪው እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት የማርሽ ባንዳችን እናንተ ከተማ ይመጣል፤ አዲሱን የእሳት አደጋ ጣቢያ ልናስመርቅ። መንገዳችን አሁን በምትኖሪበት በልጅሽ ቤት ሥር፣ በፋርማሲው በኩል ነው። ከፊት ረድፍ ከግራ ሁለተኛዋ ነኝ። መስኮቱን ክፈቺው አልልሽም፤ ብትዘጊውም ትሰሚያለሽ። ሰልፉ ሲያልቅ ደረጃውን እወጣለሁ፤ አላለከልክም። ትሮምቦኑን ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጥና ወደ ጓዳ ገብቼ ውሃ እጠጣለሁ፤ ቀስ ብዬ። መንፊያውን አጥቤው ነው የምመጣው፤ ሻርፕሽን እንዳታቆሽሺ።

አንሶላውን በወዲያኛው ጫፍ የያዝኩልሽ፣
ታናሽሽ ፉጨት