እሁድ ጽዋው ከመነሳቱ በፊት

ፀደንያ፣

ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና ተገኝቷል፤ መውጣቴ ነው። ከዚያ ወዲያ የት እንደምሄድ አልጽፍልሽም። ብትጠየቂ መዋሸት እንዳይኖርብሽ።

የእሁዱ የማርያም ማኅበር ተራ የኛ ነው። ጠላው ደርሷል፤ አተላው እንዳይነሳ ጋኑን ሳታናውጪ ቅጂ። ዳቦውን እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ይጋግሩልሻል፤ ነግሬያቸዋለሁ።

ትናንት በግብርና ቢሮው ስብሰባ የጠየቅሁት እኮ አንድ ነገር ነው፦ ማዳበሪያው ለማን እንደተሰጠ ገበሬው እንዲያየው አደባባይ ላይ ይለጠፍ። አንቺ ብድግ ብለሽ «ይህን የሚጠይቅ የመሪያችን ጠላት ነው» አልሽ። በዚህ ዘመን ጠላት የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን እያወቅሽ! ዛሬ ጠዋት የጸጥታ ሰዎች ቢሮ ድረስ መጥተው ፈልገውኛል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከእንግዲህ መግቢያ የለኝም።

እኔም በሰው ፊት «አጨብጫቢ» ብዬሻለሁ። ከአፌ ባይወጣ ደግ ነበር።

ጋቢዬን ትቼልሻለሁ፤ ሌሊት ይበርድሻል።

እሁድ ጽዋው ከመነሳቱ በፊት ቄስ ቂርቆስ እንደ ልማዳቸው «የተጣላ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። የተጣላ ሳይታረቅ ከጽዋው እንደማይቀምስ ታውቂያለሽ። ትናንት ስምሽን እንኳ ለማያውቅ መሪ ብለሽ ተነስተሻል።

እሁድ ደግሞ ለኔ ተነሺልኝ።

ሀብትነሽ