አልተጣላንም

ለትልቅ ወንድሜ ለጋሼ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው? እትዬስ? ላሟስ ወለደች? እኛ ደህና ነን፤ እኔ እንቅልፍ የለኝም እንጂ፣ እሱ ደግሞ የቆየ ነው።

ስልክ ያላነሳሁት ፈርቼ አይደለም። እርስዎ ሲጮሁ የምለው ይጠፋኛል። ወረቀት ላይ ግን አይጮህም። ስለዚህ በተራ በተራ ልንገርዎ።

አንደኛ፣ ሮዳስ ከቤት ወጥታለች፣ እውነት ነው። እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ፣ ከምትሠራበት ፋርማሲ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታለች። አላገባችም፣ አላረገዘችም፣ ከእኔም ከእናቷም አልተጣላችም። "አባዬ፣ ሸሽቼህ አይደለም፤ በሬን ራሴ መቆለፍ አማረኝ" ነው ያለችኝ። እኔ ከአባታችን ቤት ቀጥታ ትዳር ውስጥ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ለብቻዬ አንድ ቀን አድሬ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ሰፈሩ ጉድ አለ። የእድራችን ዳኛ አቶ ግዛቸው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ።

"ልናስታርቃችሁ ነው" አሉ።

"አልተጣላንም" አልኳቸው።

"የተጣላ ሰው እንዲህ ነው የሚለው" አሉኝ!

ሮዳስን አስጠሯት፣ በባጃጅ መጣች። "ጥፋትሽን ተናገሪ" ሲሏት "እናንተ ንገሩኝና ልናገር" አለች። እናቷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። መቼስ ሽማግሌ ባዶውን አይመለስም፣ ሳንጣላ ታረቅን፤ ጉልበቴን ሳመች፣ ግንባሯን ሳምኳት። አቶ ግዛቸው መርቀው ሲያበቁ "በይ እንግዲህ፣ እርቅ ወርዷል፤ ዕቃሽን ይዘሽ ግቢ" አሏት።

"ታርቀናል አባባ፤ ቤቴ ግን እዚያው ነው" ብላ ጫማዋን አጠለቀች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንድቆጣ ነበር የሚጠብቁት። እኔ ግን ብድግ ብዬ "ነይ፣ ባጃጅ ልያዝልሽ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ "የልጁ ሎሌ" ይለኛል። ይበል።

ሦስተኛ የምፈራው ነገር ነው፣ እሱ አያልቅም። ምድጃውን ሳታጠፋ ብትተኛስ? አምሽታ ስትገባ አንዱ ቢከተላትስ? ብትታመም ማን ውሃ ያቀብላታል? የበሯን መቀርቀሪያ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ገጥሜም ደግሜ ሄጄ ነቅንቄ አይቻለሁ። ግን ጋሼ፣ ፍርሃቱ የኔ ነው። በኔ ፍርሃት እሷ ለምን ትታሰራለች?

እርስዎ "እሁድ መጥቼ ጎትቼ አስገባታለሁ፤ ልጅ ማሳደግ ከኔ ተማር፤ የኔ ሃሴት እዚያው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲዋን ስትጨርስ ቀጥታ ዲላ እቤቷ ነው የምትገባው" ብለው መልእክት ልከዋል። ይምጡ። ቤቴ ቤትዎ ነው፤ ዓሣ አስጠብሼ እጠብቅዎታለሁ። የሮዳስን በር ግን አላሳይዎትም። ከእኔ በላይ ነዎት፣ ከእግርዎ ዝቅ ብዬ ጫማዎን አወልቃለሁ፤ በሩን ግን አላሳይም። "ሰው ምን ይላል" ላሉት፣ ሰውማ ብሎ ጨርሷል። እድሩም ከፈለገ ይሰርዘኝ፤ ስሞት ልጄ ትቀብረኛለች።

አራተኛ ልረሳው ነበር። እዚያች ክፍል የገጠምኩት አልጋ ሁለት ነው። "ሁለተኛው የማን ነው?" ብላት "ምርቃቷ እስኪያልፍ አትጠይቀኝ አባዬ" ብላ ሳቀች። አልጠየቅኩም። ብሎኑን ግን አጥብቄ አስሬዋለሁ፣ አይነቃነቅም።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ፣ ቁጣዎን አብርዶ ልብዎን ያስፋልኝ። እትዬን ይሳሙልኝ። ለሃሴት ሰላምታ ላስይዝዎ አልኩና ተውኩት፤ እኔው እዚሁ አደርስላታለሁ።

አክባሪ ታናሽ ወንድምዎ
ከሀዋሳ