በሃያኛው ኅትመት ጀርባ የተጻፈው

እኔ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሥዕል ቀርጬ በወረቀት በማተም አርባ ስድስት ዓመት የኖርኩ፣ ሰፈርተኛው «እጀ ጥቁር» የሚለኝ ሽማግሌ፣ ዛሬ ሐሙስ ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም. ከረፋዱ በአራት ሰዓት፣ በገዛ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ በምስክሮች ፊት ለጸሐፊ ተናግሬአለሁ። የደከመው ሳንባዬ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። የሚጠራጠር ይጠይቀኝ። ከምስክሮቹ አንዱ፣ አናጢው፣ ቀድሞ ጠይቆኛል፤ ሞረዱን ከተዋስኩት ስንት ዓመት እንደሆነ። አሥራ ሁለት ብዬዋለሁ፤ ልክ ነው ብሏል። ሞረዱ ከመስኮቱ ሥር ባለው መሳቢያ ነው፤ ዛሬውኑ ይዞ ይሂድ። ሌላ የሰው ዕቃ በእጄ የለም።

ልጆቼ ሁለቱም እዚህ ናቸው። ወንድ ልጄ ግርጌዬ ተቀምጧል። ሴት ልጄ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ወንበር ቢሰጧትም እምቢ ብላለች። እግሯ ይህን ቤት ከረገጠ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

አንደኛ፤ የፎቁ ሦስት ክፍሎች ከነዕቃቸው፣ በብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት የፈረምኩባቸው ኅትመቶችም በሙሉ ለወንድ ልጄ ይሁኑ። ሰባት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሦስተኛ ቅዳሜ የስቱዲዮውን በር ከፍቶ እንግዳ ያስገባ፣ ወለሉን የጠረገ፣ «እባካችሁ ይህን አትንኩ» እያለ ጉሮሮው የደረቀ እሱ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ፎቅ ተደብቄ አኮርፍ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ የቀለም ሮለር በሰሌዳ ላይ እያንከባለለች ስትስቅ ሰምቼ ወረድኩ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፤ ከታች ያለው ስቱዲዮ ከነማተሚያው፣ ከነመቅረጫው፣ ከነሰሌዳው ለሴት ልጄ ይሁን።

ወንድ ልጄ እዚህ ላይ፣ «አባዬ፣ እኔ አይደለሁ እንዴ የከፈትኩት?» ብሏል። ይጻፍለት፤ እውነቱን ነው። ግን ይከፈት ብላ አስቀድማ የለመነችኝ እሷ ናት፤ ያባረርኳትም በዚያው ሰሞን ነው። ምስክሮች ምክንያቱን ይስሙ፤ ነገሩን ከሥሩ እናገራለሁ።

በእኛ ሙያ አንድ ሥዕል የሚታተመው በቁጥር ነው። ሃያ ካልን ሃያ ነው። የመጨረሻው ሲወጣ፣ ዳግም እንዳይታተም በሰሌዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር እንጭራለን፤ ሰረዝነው እንላለን። እናታቸው ባረፈች በዓመቱ ፊቷን ቀረጽኩ፤ ሃያ አትማለሁ አልኩ። ሴት ልጄ፣ «ይህን ግን እንዳትሰርዘው፤ የእማዬን ፊት አትጫርብኝ» ብላ ለመነችኝ። ቃል ገባሁላት።

ሃያው ታትሞ አለቀ፤ ሰሌዳው በጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ሳምንታት ቆይቶ ልጄ፣ «ስቱዲዮውን ለሰው እንክፈት» ብላ መጣች። ቤቴ ገበያ አይደለም አልኳት። ተጨቃጨቅን። በማግስቱ ጨርቁን ብፈታው የሚስቴ ፊት ከግንባሯ እስከ አገጯ ተጭሯል። ሙያውን ከእኔ የተማረች ናትና ለብቀላ አደረገችው አልኩ። አላደረግሁም ብላ ማለች፤ አላመንኳትም። ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «የእናቱን ፊት የቧጨረ እጅ ከእኔ ገበታ አይቀርብም፤ ዓይንሽን እንዳላይ» አልኳት። ያን ዕለት የወጣች ዛሬ ገባች።

ባለፈው ወር ቅዳሜ፣ ዛሬ ምስክር ሆነው የተቀመጡት ጡረተኛዋ መምህርት ከእንግዶቹ ጋር መጡ። ያኔ ከእጄ የወሰዱትን የሚስቴን ኅትመት እርጥበት ነክቶት ነበርና እንድመለከትላቸው ይዘውት ነበር። ፍሬሙን ፈታሁ። ሃያኛው ነው። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ «ሃያኛውና የመጨረሻው፤ ሰሌዳው ተሰርዟል» ይላል። ቀኑ ከጭቅጭቃችን ሃያ ሁለት ቀን ይቀድማል። ልማድ ነው። እጄ የመጨረሻውን ወረቀት አንሥቶ እንደ ወትሮው ጫረ፣ እንደ ወትሮው ጻፈ፤ ልቤ ግን ሙታን ዘንድ ነበር። ቃሌን የበላሁ እኔ ነኝ። ልጄ ንጹሕ ናት።

ይህን ካወቅሁ ወር አለፈኝ። ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ይህም ይጻፍ።

ሦስተኛ፤ እኔ ስሞት ይህ ኑዛዜ ተገልብጦ በስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያንብበው።

እዚህ ላይ ሴት ልጄ፣ «አልቀበልም» አለች። ጸሐፊው ልጻፈው ወይ ብሎ ዐየኝ። ጻፈው አልኩት። ስቱዲዮውን ነው የማትቀበዪው ብዬ ጠየቅኋት።

«ግድግዳውን» አለች። «ሲያባርሩኝ በሰው ፊት፣ በአፍዎ ነው ያባረሩኝ። ንጹሕ ናት የሚለው ግን ከሞቱ በኋላ፣ በወረቀት? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው፤ እንግዶቹ ይመጣሉ። ራስዎ ይንገሯቸው።»

ድሮ አባዬ፣ አንተ ነበር የምትለኝ፤ ዛሬ እርስዎ አለችኝ።

ወንድሟ፣ «ደረጃ እንዳይወርድ ሐኪሙ ከልክሎታል እኮ» አላት።

«እኔ ስወጣ ሻንጣዬን ማን አወረደልኝ?»

አናጢው ወለሉን ያያል። ያን ቀን ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች አንዱ እሱ ነበር።

እንግዲህ ሦስተኛው ቃሌ ይለወጥ። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት በወንበር አድርገው ያውርዱኝ። በእንግዶቹም በጎረቤቶቼም ፊት ራሴ እናገራለሁ፤ ትንፋሽ ቢያጥረኝ ዐርፌ እቀጥላለሁ። ይቅር በዪኝ የምላትም እዚያው ነው። መልሱ የእሷ ነው፤ በኑዛዜ አይታዘዝም። ቅዳሜን ሳልደርስ ብሞት፣ አናጢው ቆሞ በእኔ ፈንታ ይናገር።

ለሁለቱም ምክሬ፦ እንግዳ የሚቀበል እሱ ይሁን፣ ማተሚያውን የምታዞር እሷ ትሁን። የቤቱ በር አንድ ስለሆነ ብትኳረፉም መገናኘታችሁ አይቀርም።

ጸሐፊው ወንበሩን ማን ማን እንደሚይዙ ጠየቀ። ወንድ ልጄ፣ «አንዱን ጎን እኔ» አለ።

ሴት ልጄ፣ «ሌላውን እኔ እይዛለሁ» አለች። «ይቅር ብላለች ብለው ግን እንዳያስጽፉ።»

እንዳለችው ተጽፏል።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል፤ ቃሌ ነው።

ተናዛዡ፦ (ፊርማ)

ምስክሮች፣ ሲነገርም ሲነበብም የሰማን፦
አናጢው (ፊርማ)
ጡረተኛዋ መምህርት (ፊርማ)
ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ (ፊርማ)
የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ (ፊርማ)

ጸሐፊው፦ (ፊርማ)