የሰረዝኩት መልእክት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ቦርንሃይም

ዛሬ ረፋድ ላይ አንድ ሰው እዚህ በሰው አገር ያለን ኢትዮጵያውያን በምንገናኝበት የዋትሳፕ ግሩፕ የአልማዝን እናት ፎቶግራፍ አውጥቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። የግሩፑ አባል የሆነችው አልማዝ ግን እናቷ ደሴ ማረፋቸውን ገና አልሰማችም። ሽማግሌዎቹ ነገ ማለዳ እዚሁ ከተማ ሮደልሃይም ሰፈር ቤቷ ሄደው ሊያረዷት ተቀጣጥረዋል፤ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ።

ግሩፑን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ማንም አልቀጠረኝም፤ ጡረታ ስወጣ «እርስዎ ሥርዓት ያውቃሉ» አሉኝና እሺ አልኩ። መልእክቱን ወዲያው ሰረዝኩት። መሰረዜ ግን በስሜ ተጽፎ ለሁሉም ይታያል። ብዙም ሳይቆይ አልማዝ ደወለች።

«እትዬ ጽጌ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ቀጡ?» አለችኝ እየሳቀች።

«የማይረባ ማስታወቂያ ነው» አልኳት። በልጅነቴ ለውሸት አለንጋ የቀመስኩ ሴት፣ በዚህ ዕድሜዬ ሳልንተባተብ ዋሸሁ።

«እሰይ! እርስዎ ባይኖሩ ግሩፑ ገበያ ይሆን ነበር።»

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገ ሳንደርስባት ወደ ሥራ እንዳትወጣ ሠግቼ፣ «ጠዋት ቤት ነሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ሳቋ ቆመ። «ለምን ጠየቁኝ?»

«እንዲሁ ነው።»

«እትዬ፣ የሰረዙት ምንድን ነው?»

መልሴን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው። ዛሬውኑ እንሂድ ብዬ ሽማግሌዎቹን ለመንኳቸው፤ ሁለቱ ገና ሥራ ላይ ናቸው። ባልሰርዘው ይሻል ነበር? የምጠይቀው አለቃ የለኝም።

ለአልማዝ መልሼ ደወልኩ። ተይዟል። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁንም ተይዟል። ደሴ እየደወለች መሆን አለበት።