አባዬ የሳቀበት ቀልድ

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአስራ አንደኛው ቀን

ይድረስ አገር ምድሩን ለሚያስቀው፣ በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግኩት ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። አባዬም ደህና ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ትንሽ ያስቸግረዋል እንጂ ዓይኑ አሁንም ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። ሱቁም ያው ነው። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እኔ ልክ እወስዳለሁ፣ ከደንበኛ ጋር አወራለሁ፣ የዘገየ ልብስ ሲኖር ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰዉ እኔን "የሱቁ አፍ" ማለቱን አልተወም። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ሰላም ብሎሃል። በቴሌቪዥን ባየህ ቁጥር "የኛ ልጅ እኮ ነው" እያለ ደንበኞቹን ያስቸግራል።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃና ወደ ነገሬ ልግባ። ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

መልእክትህ ደርሶኛል። መድረክ ላይ የወጣህበትን አስረኛ ዓመት በትልቁ አዳራሽ እንደምታከብር፣ ለአባዬና ለእኔ ከፊት ረድፍ ሁለት ወንበር እንዳስያዝክ፣ አንድ ካሜራ እሱን ብቻ እንደሚቀርጽ ነግረኸኛል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዲህ ብለሃል፦ "አንቺ አጠገቡ ሁኚና በሰዓቱ እንዲስቅ አድርጊው። እሱ ሲስቅ ካዩ አፋቸውን ይዘጋሉ።" አምስት ጊዜ አነበብኩት። አባዬን እንደ ጠረጴዛ ሰዓት ሞልቼ እንዳስቀምጥልህ ነው የጠየቅከኝ።

አፋቸውን የሚዘጉት እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር በአባዬ መስማት አለመቻል መቀለድህን ተቃውሞ ደብዳቤ ሲጽፍ የፈረሙት የአባዬ ጓደኞች ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ለእሱ አልነገሩትም። እንዳያዝን ብለው ተስማምተው ዋጡት። እኔም ዜናው የወጣበትን ጋዜጣ ለልብስ ንድፍ ቆራረጥኩት። ከዚያ በቴሌቪዥን አንዲት ጋዜጠኛ ስትጠይቅህ ሰማሁ። እግርህን አጣምረህ፣ "ዘንድሮ ሰው ሁሉ ቆዳው ሳስቷል፤ ቃል እየመዘንን ልንቀልድ ነው እንዴ?" አልክ። "የቀለድኩት በገዛ አባቴ ነው። እሱ ደግሞ ከማንም በላይ ይስቃል። እሱ ያልተቀየመውን እናንተ ማን ናችሁና ትቀየሙለታላችሁ?" ስልክህን አወጣህና አባዬ በሱቃችን ቴሌቪዥን ፊት እንባው እስኪወርድ ሲስቅ የሚያሳየውን ቪዲዮ አሳየሃት። ጋዜጠኛዋም ሳቀች፤ ክርክሩ በዚያው አለቀ።

ያንን ቪዲዮ ቀርጬ የላክሁልህ እኔ ነኝ። አባዬ በምን እንደሳቀም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ዝግጅትህ ከሰዓት በኋላ ሲደገም ነበር ያየነው። አንተ እንዲህ እያልክ ነበር፦ "ድሮ 'ደንቆሮ' ይባል ነበር። አሁን 'መስማት የተሳነው' ካላልክ ትከሰሳለህ። አባቴን የፈለግከውን ብለህ ጥራው፤ አይሰማህም።" አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቀጥለህ አፍህን አጣመምክ፣ ዓይንህን አጉረጠረጥክ፣ አባዬ ትምህርት ቤት በር ላይ ስምህን ሲጠራ የሚያወጣውን ድምፅ አወጣህ። "አባቴ አንዴ ሲጠራኝ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይሰበሰባል" አልክ።

አባዬ ትከሻዬን ነካ አደረገና "ምን አለ? ሰዉ ለምን ሳቀ?" ሲል በእጁ ጠየቀኝ። እስቲ ምን እንድለው ነበር የምትፈልገው? በእጄ እንዲህ አልኩት፦ "ስለ አንድ ደንበኛ እያወራ ነው። ሰውየው ልኩ ሲወሰድ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ይቆማል። ልብስ ሰፊው 'ተው ተንፍስ' ቢለው እምቢ አለ። በሰርጉ ቀን ፎቶ ሊነሳ ሲል ትንፋሹ አመለጠው፤ የሱሪው ቁልፍ ተፈናጥሮ የአማቱን ግንባር መታ።" የተጣመመው ፊትህ ትንፋሹን ለመያዝ የሚታገለው ሙሽራ ሆነልህ። አባዬ እንዲህ ያሉትን አርባ ዓመት ልካቸውን ሲወስድ ኖሯል። ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። "ልብስ ሰፊው እኔ ነኝ አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት።

አስር ዓመት ሙሉ የሠራሁት ይህንን ነው። አንተ እሱን ባዋረድክ ቁጥር እኔ ሌላ ቀልድ እፈጥራለሁ። አበላሉን ስታስመስል ካውያ ረስታ የባሏን ሸሚዝ ስላቃጠለች ሴት ነገርኩት። ስልክ ሲደወል ዞር አለማለቱን ስትቀልድበት አንድ እጅጌው ስለረዘመ ኮት ነገርኩት። ጓደኞቹን ሰብስቦ "ልጄ ያለው" እያለ ይደግምላቸዋል። እነሱም እያወቁ ይስቁለታል። ጥርስ ባዳ ነው። እንግዲህ ስማኝ፤ ዓለም የሚያውቀው ቀልደኛ አንተ ነህ፣ አባዬ ግን በአንተ አንድም ቀን ስቆ አያውቅም። ይህንን ስጽፍልህ ደስ እያለኝ ነው፤ አልዋሽህም።

የት እንደተማርከው ጠፍቶኝ አይደለም። አባዬ ድምፁን የሚያወጣው የሁለታችንን ስም ለመጥራት ብቻ ነበር፤ ለሌላ ሰው አፉን አይከፍትም። ትምህርት ቤት በር ላይ ሲጠራን ልጆቹ ያላግጡብን ነበር። እኔ ድንጋይ አነሳሁ። አንተ ስምንት ዓመትህ ነበር፤ ከእነሱ ቀድመህ አስመሰልከው፣ ሳቁልህ፣ ከዚያ ወዲያ የነካህ የለም። ያኔ አልተቀየምኩህም። ልጅ ነበርክ፣ ድንጋይ መወርወርም አይሆንልህም ነበር። አሁን ግን አርባ ሊሞላህ ነው፤ ማንም እያሳደደህ አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አባዬ መወጋቱን እንኳ ስለማያውቅ ሳልረሳ የኖርኩለት እኔ ነኝ።

መልእክትህ በደረሰኝ ማግስት፣ እሁድ ረፋድ ላይ፣ የሱቁን በር ከውስጥ ቆለፍኩ። ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። አባዬ የኮት ገበር እየቆረጠ ነበር። መቀሱን ከእጁ ወሰድኩና ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። "ልጅህ መድረክ ላይ የሚለውን ልነግርህ ነው። እስከ ዛሬ የነገርኩህ ውሸት ነው" አልኩት። ከዚያ አንድም ሳላስቀር ሠራሁለት። ውሻውን፣ "አይሰማህም" ያልከውን፣ ሁሉንም። ፊቴንም እንዳንተ አጣመምኩ። አንተን እያሰብኩ ነበር የምሠራው።

ሲያልቅ "ፊቱን ድገሚው" አለኝ። ደገምኩለት። የተሰፋ ልብስ ሲመረምር እንደሚያደርገው ራሱን ዘንበል አድርጎ አየኝ።

"እንዲህ ነው የምመስለው?"

"አይደለም" አልኩት።

"ድምፄስ?"

ድምፅን በእጅ እንዴት አድርጌ ላሳየው?

"ስንት ዓመት ሆነው?"

"አስር።"

"የሙሽራውስ? የቁልፉ ቀልድ?"

"እሱ የኔ ነው።"

"እሱ ጥሩ ነበር" አለና መቀሱን አንስቶ ገበሩን መቁረጥ ቀጠለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። ክር ሲያልቅበት ከኋላ ክፍል ሆኖ ይጠራኝ ነበር። ግማሹ የጎደለ፣ ከእኔ በቀር ማንም ስም ነው ብሎ የማይገምተው ድምፅ ነበር። አሁን ጠረጴዛውን በመቀስ መታ መታ ያደርጋል፤ ካልሰማሁት ራሱ ተነስቶ ይመጣል። ትናንት ጫማ ሰፊው "አባትሽን አሞታል እንዴ? ድምፁ ጠፋብኝ" አለኝ። ደህና ነው አልኩት። ይህንን ያደረግከው አንተ ነህ። እኔ የነገርኩት እውነቱን ነው፤ እውነት ስለተናገረ የሚወቀስ ሰው የለም። የትኛውንም ሽማግሌ ብትጠይቅ እንዲሁ ይልሃል። አንተ ነህ ያደረግከው።

ማክሰኞ ዕለት፣ አንመጣም ብዬ ልጽፍልህ ወረቀት ሳወጣ አባዬ አየኝ።

"እንሄዳለን" አለ።

"ለምን?"

"ልጄን ሥራው ላይ አይቼው አላውቅም።"

"እንዴት አላየኸውም? ሠርቼ አሳየሁህ እኮ።"

"ያንቺን ነው ያየሁት።" የጠመኔ አቧራውን ከእጁ ሱሪው ላይ ጠረገና ጨመረ፦ "የሚለውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ካሳቀኝ እስቃለሁ።"

እኔ ብሆን ይህንን ዕድል አልሰጥህም ነበር። የወለደ አንጀት ሆኖበት ነው እሱ የሰጠህ።

ስለዚህ እንመጣለን። ካሜራህን ትከል። ማንም አይጮህብህም፣ ማንም አይከለክልህም፤ ቃልም አትመዝን፣ እንደለመድከው ተናገር። የውሻውን ቀልድ ብትዘለው ፈርተህ እንደዘለልከው አውቃለሁ፤ ለአባዬም ዘለለው ብዬ እነግረዋለሁ። ብትናገረው ደግሞ አንድም ፊደል ሳላጎድል አደርስልሃለሁ። እስከ ዛሬ በሰው ፊት ስለ እሱ ስትናገር ኖረሃል፤ አሁን ለራሱ ንገረው።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልንገርህ፤ የእኔን ሥራ ስለማታውቀው። የሚያስተረጉም ሰው ሁልጊዜ ከተናጋሪው ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። አንተ ጨርሰህ አዳራሹ ሲስቅ የእኔ እጅ ገና መሃል ላይ ነው። ቀልድህ አባዬ ዘንድ የሚደርሰው ሳቁ በርዶ ሰዉ ሁሉ ዝም ሲል ነው። ያን ጊዜ ከፊት ረድፍ ቀና ብሎ ያይሃል። እንዳትቸኩል፤ ወደሚቀጥለው እንዳታልፍ። ቆመህ ጠብቀው።

እስከዚያው ጤና ይስጥህ። ጉሮሮህን ከጉንፋን ይጠብቅልህ፤ ያን ቀን ድምፅህ እንዲከዳህ አልፈልግም።

ታላቅ እህትህ