ሳይመርቅ የሚሞት ሽማግሌ

ነሐሴ 17

ለከተማችን ፒያሳ ነጋዴ፣ ለጎረቤት፣ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ይታወቅ፦ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የገባበት ጠፍቶ የነበረው መነጽሬ ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ በሕይወት ተገኝቷል። ያገኘችው ባለቤቴ ዘሀራ ናት። የት? የልጅ ልጃችን አፍናን ያመጣችው መጽሐፍ ውስጥ ተጋድሞ።

"ይሄን ያህል ከጠላኸው ምን ያስነብብሃል?" አለችኝ።

መነጽሬን ጠርጌ አጠለቅኩ...

አፍናን ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ትመጣለች። መጽሐፍ ታመጣለች። እኔ አነብና እሳደባለሁ፣ እሷ ትስቃለች። ደንባችን ነው።

ግን ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው፣ ወላሂ? ሁሌ ዓለም ጠፍታለች። ሁሌ ከተማው በግንብ ታጥሯል፣ ሰማዩ አመድ ነው፣ ዝናብ እንኳ በመንግሥት ፈቃድ ነው የሚዘንበው። ልጅቷ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ፤ መንግሥት ትገለብጣለች። የእኛዋ የበላችበትን ሳህን አታነሳም! ዘንዶው ደግሞ ይናገራል። ይናገር... ግን ይሄን ሁሉ ምክር ከየት ተማረው? ምሳ የሚበላ ሰውስ የለም? ማን ያርስላቸዋል?

ሽማግሌ ከገባማ አለቀ፤ ሳይሞት አይወጣም። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ነጭ ጢም ብቅ ባለ ቁጥር ከፈን እለካለሁ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ይሄ ነው፦ ልጅ ዓለምን ላድን ብላ ከቤት ስትወጣ የሚመርቃት አንድ ሰው የለም። እኛ ዘንድ ገበያ የሚሄድ እንኳ ተመርቆ ነው የሚሄደው!

ነሐሴ 24

አበላሸሁት።

አፍናን በደስታ መጣች። አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ መስከረም 3 ትሄዳለች። ማሻአላህ ተባለ፣ ተሳሳቅን። ከዚያ የያዘችውን መጽሐፍ ተቀበልኳት። ገና ግማሹ ላይ ናት። እኔ መጨረሻውን ገለጥኩ። ምን ላድርግ? ጣቃ ጨርቅ ሲገዛ የሚታየው የውስጡ ጫፍ ነው፤ ላዩማ ሁሌ ያምራል።

"ያንቺ ሽማግሌ መጨረሻው ገጽ ላይ ይሞታል። ከፈኑን ከእኔ ይግዙ!" አልኳት።

አልሳቀችም።

"እሱን ነበር የምወደው" አለች፣ ቀስ ብላ። "እርስዎን ይመስለኝ ነበር።"

ምነው አፌን በቆረጠው... መጽሐፉን ጥላ ሄደች። ጉልበቴንም ሳትስም።

ጳጉሜን 1

ቅዳሜ። አልመጣችም። ስደውል አባቷ ሀፊዝ አነሳው። "ሻንጣ እያዘጋጀች ነው" አለኝ። ሻንጣ ቀኑን ሙሉ ይዘጋጃል?

ጳጉሜን 3

መጽሐፉን ከፊት ጀምሬ ጨረስኩት። አሁንም ምሳ የሚበላ የለም። ሽማግሌው ግን... ልጅቷን ሲያበሽቃት ነው የሚውለው። ጫማዋን ይደብቅባታል። ስታኮርፍ ያፏጫል። እውነት እኔን ይመስላል? ትንሽ። ጢሙ ግን ይበልጠኛል።

ተኳርፈን ትሂድ? ሳልመርቃት? ያ ስሳደብበት የኖርኩት መጽሐፍ እኛው ቤት ሊገባ ነው!

መስከረም 2

የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። በር የከፈተችልኝ እናቷ ፋኢዛ ናት።

"ነገ ሂያጅ ናት፣ አባባ፤ ከክፍሏ ግን አልወጣም ብላለች።"

ገባሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

"አፍናን፣ የአገር ሽማግሌ መጥቷል።"

ይበልጥ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

"ዛሬ ከፈን ልሸጥ አይደለም የመጣሁት።"

ልመርቅሽ ብላት ትራሱን ጆሮዋ ላይ እንደምትጭን አውቃለሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ።

"ያን ዕለት አልጨረስኩልሽም ነበር። ስሚ" ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሽማግሌው ከመሞቱ በፊት ልጅቷን አስጠርቶ መዳፎቹን ይዘረጋል። ለካ ይሄኛው ደራሲ ወግ ያውቃል!

"መንገድሽ ይቅና።"

ዝም።

"ክፉ አይይሽ፣ ክፉ አይንካሽ።"

ከትራሱ በኩል፣ በጣም ቀስ ብሎ... "አሚን።"

አመለጣት። ወሎ ያደገ ልጅ ምርቃት ሰምቶ አሚን ሳይል መቅረት ይችላል?

"እውቀትሽ ከራስሽ ተርፎ ለሰው ይድረስ።"

"አሚን።"

"ደህና ሄደሽ ደህና ተመለሽ።"

"አሚን።"

ሽማግሌው ሌላም ሌላም መረቀ። ለሟች ትንፋሹ ረጅም ነው። ስጨርስ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል።

"መንገድ ላይ አነበዋለሁ" ብላ መጽሐፉን ነጠቀችኝ። ከዚያ ጉልበቴን ሳመች።

መስከረም 4

አፍናን ደወለች። በሰላም ገብታለች፣ አልሐምዱሊላህ።

"አባባ፣ መጽሐፉን ጨረስኩት።"

"ታዲያስ?"

"እርስዎ ያነበቡልኝን፣ 'ጣርማ በር ላይ ብርድ አይምታሽ' የሚለውን ገጽ ግን አጣሁት።"

"ማተሚያ ቤቱ ዘሎት ይሆናላ።"

"ወላሂ ይበሉ!"

"በእኔ ዕድሜ በትንሽ ነገር አይማልም።"

ስልኩ እስኪንጫጫ ሳቀች። ክፍል ሁለቱን በሰው ልትልክልኝ ነው። መጨረሻውን እንዳላይ አስጠነቀቀችኝ። እሺ፣ ከፊት እጀምራለሁ... ምሳ ካልበሉ ግን ዝም አልልም።

ይህ ደብተር ይታዘበኝ፤ አንድ ነገር ዋሽቼዋለሁ። ሽማግሌው መዳፉን አልዘረጋም፣ አንድ ቃልም አልተነፈሰም። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሳይመርቅ ነው የሞተው። ምርቃቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

አሚኑ ግን የእሷ ነው።